አክስቴ፣ ጫጩቶቹና ከሌሊቱ 8 ሰዓት

ደብረ ብርሃን ላይ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ስልክ ሲጮኽ ሰው «ማን ይሆን?» አይልም። «ማን ሞተ?» ነው የሚለው። በዚያ ብርድ ከብርድ ልብሱ ውስጥ እጁን አውጥቶ ስልክ የሚያነሣ ሰው ሌላ ነገር አይጠብቅም።

ባለፈው ዓመት ጥቅምት ውስጥ፣ በአንድ ሌሊት፣ ወደ 200 የሚጠጉ ስልኮች በዚያ ሰዓት ጮኹ። ከጫጫ እስከ ደብረ ሲና። ያስጮኽኳቸው እኔ ነኝ። የሞተ ሰው አልነበረም። መልእክቱ «የፈንግል ክትባት ገብቷል። ዶሮዎችዎን ያስከትቡ» የሚል ነበር።

ነገሩን ከመጀመሪያው ላውራችሁ።

አክስቴ ጫጩት ታሳድጋለች። የአንድ ቀን ጫጩት ታስመጣና ሞቆ፣ ተከትቦ፣ ላባ አውጥቶ ሲጠነክር ትሸጣለች። በገበያው ቋንቋ «የ45 ቀን» ይባላል። ከዶሮ ዝርያ ሳሶም አላት፣ ቦቫንስም አላት። ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ በተቀመጠች ከተማ ጫጩት ማሳደግ ቀልድ አይደለም። ደብረ ብርሃን በብርድ ልብስ ፋብሪካዋ ለምን እንደታወቀች እዚህ አንድ ሌሊት ያደረ ይገባዋል። መብራት ከጠፋ ጠዋት ከካርቶን ውስጥ የሚለቀመው ሬሳ ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ አክስቴ ከጫጩቶቹ ጋር የምታድርበት ጊዜ አለ። ባሏ «ከእኔ ይልቅ እነሱን ታቅፋለች» እያለ ያማታል።

ግን ዋናው ልፋቷ ከሽያጭ በኋላ ያለው ነው። አንድ ሰው 20 ጫጩት ገዝቶ ወደ መንዝ ይወስዳል። የመጀመሪያው ሌሊት ይበርዳቸዋል። አንዱ በአንዱ ላይ ይደራረቡና ታፍነው ያድራሉ። ወይም ደግሞ ከወራት በኋላ ፈንግል ይገባና መንጋውን በጥቂት ቀን ይፈጀዋል። ያን ጊዜ ሰውዬው «በሽታ ነው» አይልም። «የእሷ ጫጩት አይበረክትም» ነው የሚለው። ወሬው ደግሞ ከሚኒባስ ቀድሞ ደብረ ሲና ይደርሳል። ስለዚህ አክስቴ ትደውላለች። በማግስቱ «እንዴት አደሩ?» ትላለች። በሳምንቱ ትደውላለች። ለፈንግል በየ3 ወሩ ገደማ ክትባት መድገም ስለሚያስፈልግ ያኔም ትደውላለች። እንቁላል ሊጀምሩ ሲሉ መኖ ስለመቀየር ለመንገር ትደውላለች።

ደንበኞቿ የሰፈሩት አንድ ጠርዙ የተበላ ደብተር ላይ ነው። «የጫጫው መምህር፣ 15፣ ሳሶ።» «ቀይዋ ሴትዮ፣ ደብረ ሲና፣ 10።» «የአይሱዙው ሹፌር ወንድም፣ 50፣ ግማሹን አልከፈለም።» ደንበኛው 200 ሲያልፍ መደወሉ ከአቅሟ በላይ ሆነ። እኔ ደግሞ አዲስ አበባ ሶፍትዌር ነው የምሠራው። አንድ ቅዳሜ 130 ኪሎ ሜትሩን ጨርሼ ቤቷ ስደርስ፣ ስልኩን በትከሻዋና በጆሮዋ መሐል ሰክታ፣ በአንድ እጇ መኖ ትበትናለች። እና ያን የሞኝ ቃል ከአፌ አወጣሁ።

«እትዬ፣ ይሄን እኮ እኔ በማሽን ልሠራልሽ እችላለሁ።»

ሥራው ሲታይ ቀላል ነው። «ኢቨንት» የሚባል ነገር አለ። አንድ ነገር ሆነ ማለት ነው። ሰው ገዛ፣ ከፈለ፣ ተመዘገበ፣ ቀረ። ሲስተሙ ለብቻው ተኝቷል። አንድ ሰው ወይም ሌላ ፕሮግራም «እገሌ ላይ ይህ ሆነ» ብሎ ሲነግረው ይነቃና አስቀድሞ የተሰጠውን ሥራ በተራ ይፈጽማል። ዛሬ ይህን ላክ። 3 ቀን ቆይ። ያንን ላክ። 90 ቀን ቆይ። እንደገና ላክ። ይህ ተራ ነው «ወርክፍሎው» የሚባለው።

(ከተማችን ራሷ በአንድ ኢቨንት ነው ስሟን ያገኘችው። በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሰማይ ላይ ብርሃን ታየ። ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ትርጉም ሰጡት፤ ቤተ ክርስቲያን አሠሩ፤ ከተማ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1456 የታየው የሃሌይ ኮሜት ሳይሆን አይቀርም የሚሉ አሉ። ወርክፍሎው እስካሁን አላለቀም።)

ለአክስቴ ግን በብርሃኑ አላስረዳኋትም። በእድሩ ጡሩምባ ነፊ ነው ያስረዳኋት። እዚያ ሰፈር ያደግን ሁላችን ያን ድምፅ እናውቀዋለን። ጎህ ሳይቀድ፣ ጉሙ ገና ሳይነሣ ጡሩምባው ይጮኻል። ስም ይጠራል፤ የቀብሩ ሰዓትና ቤተ ክርስቲያኑ ይነገራል፤ «የሰማህ ላልሰማ አሰማ!» ይልና ወደ ቀጣዩ መንገድ ያልፋል። ከዚያ በኋላ ማንም ማንንም አያዝዝም። ወንዶቹ ድንኳን ሊተክሉ ይወጣሉ። ሴቶቹ ድስት ይዘው ይሄዳሉ። እኛ ልጆች አግዳሚ ወንበር እንሸከማለን። አንድ ጡሩምባ ይነፋል፣ መቶ ሰው የየራሱን ሥራ ያውቃል።

«ታዲያ ይሄማ ድሮም ያለ ነው» አለች አክስቴ። ቅር ያላት መሰለኝ። አዲስ ነገር ላሳያት ነበር ያሰብኩት።

አዲሱ ነገር ኤጀንቱ ነው። አክስቴ ፎርም አትሞላም። ሞክሬያለሁ፤ ሁለት ቀን ሞልታ ተወችው። ስለዚህ ኤአይ ኤጀንት፣ ማለትም የተጻፈለትን ተረድቶ ሥራ የሚያስጀምር ፕሮግራም፣ መሐል አስገባሁ። እሷ እንደምታወራው ትጽፋለች፣ ወይም 10ኛ ክፍል የሆነችው ልጇ ትጽፍላታለች። «ለደብረ ሲናዋ ቀይ ሴትዮ 10 ሳሶ ሰጠሁ።» ኤጀንቱ ይህን ያነብና ማን እንደሆነች ይፈልጋል፤ ከዚያ ትክክለኛውን ኢቨንት ይልካል። በድምፅ እንድትናገር ሞክረን ነበር። 500 ጫጩት ባለበት ክፍል ውስጥ ግን ከእሷ በላይ የሚሰሙት እነሱ ናቸው።

ኤጀንት ሲባል ብዙ ሰው አንድ የሚያስብ ፍጡር ቁጭ ብሎ መልእክት የሚልክ ይመስለዋል። ከውስጡ ያለው፣ ጽሑፍ የሚያነበውና የሚመልሰው ሞዴል ግን እጅ የለውም። ቱሎች፣ ማለትም የሚጠራቸው መሣሪያዎች፣ ይሰጡታል። እያንዳንዱ ቱል ስም፣ ማብራሪያና የሚሞሉ ሳጥኖች አሉት። ሞዴሉ ማብራሪያውን አንብቦ ይመርጣል፣ ሳጥኖቹን ይሞላል፣ «ይህን ፈጽሙልኝ» ይላል። የሚፈጽመው ሌላ ፕሮግራም ነው። አንትሮፒክ የተባለው የኤአይ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2024 ኤምሲፒ የተባለውን ክፍት ፕሮቶኮል (የጋራ መግባቢያ ሥርዓት) ካወጣ ወዲህ ሞዴልን ከእንዲህ ዓይነት ቱል ጋር ማገናኘት ቀሏል። የእኔ ቱል 4 ሳጥን ነበረው። የስልክ ቁጥር፣ የኢቨንቱ ስም፣ ዝርዝር ጉዳይ፣ እና አንድ ልዩ መለያ ቁጥር። የመጨረሻው ሳጥን፣ ኔትወርክ ተቆራርጦ ያው ጥሪ ሁለት ጊዜ ቢሄድ ሁለተኛው እንዲጣል ነው። ሰሜን ሸዋ ላይ ይህ ሳጥን ቅንጦት አይደለም።

ዝርዝር ጉዳይ ያልኩት ሳጥን ነው የምወደው። ብዛት፣ ዝርያ፣ ቦታ ይገባበታል። ቦታው ለምን አስፈለገ? ከደብረ ብርሃን ተነሥታችሁ ጣርማበርን አልፋችሁ፣ ደብረ ሲናን ቁልቁል ወርዳችሁ ሸዋሮቢት ስትደርሱ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ናችሁ። ጋቢ ለብሶ የተሳፈረ ሰው በሸሚዝ ይወርዳል። ጫጩቱም እንደዚያው ነው። መንዝ ለሚሄደው «እንዳይበርዳቸው» ይላካል። ሸዋሮቢት ለሚሄደው ደግሞ «ውሃ እንዳያልቅባቸው፤ ጥላ ያድርጉላቸው» ይላካል። ኢቨንቱ አንድ ነው፣ ምክሩ ሁለት።

መልእክቱ የሚሄደው በኤስኤምኤስ ነው። ቴሌግራም ነጻ ነው፣ አውቃለሁ። ግን የቴሌግራም ቦት ሰውየው ራሱ ቀድሞ ካልጀመረው መጻፍ አይችልም። የገጠር ደንበኛዋን «ቦቱን ክፈትና ጀምር የሚለውን ተጫን» በሉት እስቲ። ደግሞም ከ2015 ክረምት ጀምሮ ክልሉ ውስጥ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ እንደነበረ የረሳ የለም። ኤስኤምኤስ ግን በትንሿ ባለ ቁልፍ ስልክም ይገባል። ችግሩ ፊደላችን ነው። በላቲን ሲጻፍ አንድ ኤስኤምኤስ 160 ፊደል ይይዛል። በእኛ ፊደል ሲሆን 70 ብቻ ነው። ካለፈ እንደ ሁለት ይቆጠራል፣ ሂሳቡም ሁለት ነው። ስለዚህ እኔና አክስቴ አንድ ሙሉ እሑድ ፊደል ስንቆጥር ዋልን። «ዛሬ ሌሊት እንዳይበርዳቸው። ከሥራቸው ጭድ ያንጥፉ፤ ከሰል ካነደዱ ጢሱ ይውጣ።» ከነክፍተቱ 49 ነው። እሷ «እግዜር ያሳድግልዎ» የሚለው ካልገባ ብላ ተከራከረች። ቆጠርን። ከ70 አላለፈም። ገባ።

ፈቃድም ጠየቅን። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል፤ የሰው ስልክ ቁጥር እንደ ልብ የሚበተን ነገር አይደለም። አክስቴ አዋጁን አላነበበችም። «መልእክት ልላክልህ ወይስ ይረብሽሃል?» ብላ ነው የጠየቀችው።

የመጀመሪያው ስህተት ድምፅ አልነበረውም። ኢቨንቶቹን አክስቴ እንድታነባቸው ብዬ በአማርኛ ሰየምኳቸው። አንዱ «ደረሰ» የሚል ነበር። ጫጩቱ በሚኒባስ ተልኮ ገዢው እጅ ሲገባ ማለት ነው። ለአንድ ሳምንት ለማንም መልእክት አልሄደም። ሲስተሙ ግን ለእያንዳንዱ ጥሪ «ተቀብያለሁ» እያለ ይመልሳል። ምን ሆኖ ነው ብዬ ሌሊቱን ተቀመጥኩ። ወርክፍሎው ላይ እኔ የጻፍኩት «ደረሰ» ነው፣ በእሳቱ ሰ። ቱሉ ማብራሪያ ላይ ደግሞ እኔው ራሴ «ደረሠ» ብዬ በንጉሡ ሠ ጽፌያለሁ። ኤጀንቱ እንዳነበበው ላከ። ለእኛ አንድ ቃል ነው። ለማሽኑ ሁለት የማይተዋወቁ ሰዎች ናቸው። ስሙን የማያውቀው ኢቨንት ሲመጣለት አይጮኽም፤ ዝም ብሎ ይውጠዋል። ኃይሉ፣ ሃይሉና ሐይሉም በዚያው ሰሞን ሦስት ደንበኛ ሆነው ተገኙ። ከዚያ በኋላ ሰውን በስም መፈለግ ትቼ በስልክ ቁጥር አደረግሁ። ቁጥሩም ቢሆን በ09 ሲጻፍና በ251 ሲጻፍ ሁለት ሰው ይሆናል። መጀመሪያ አንድ ዓይነት ማድረግ ያስፈልጋል።

ሁለተኛው ያ የጥቅምት ሌሊት ነው።

የፈንግል ክትባት ጠፍቶ ከርሞ ከእንስሳት ሐኪሙ ዘንድ ገባ። አክስቴ ደስ አላት። ማታ ላይ «ክትባት ገብቷል። ነገ ጠዋት 2 ሰዓት ለሁሉም ንገርልኝ» ብላ ጻፈች። ኤጀንቱ ታዘዘ። እኛ ቀኑን የምንቆጥረው ከንጋት ነው። ጠዋት 2 ሰዓት ማለት ቁርስ ተበልቶ፣ ፀሐይ ጀርባ ላይ ሞቃ ማለት ነው። በፈረንጁ ቆጠራ ግን «ጠዋት 2» እኛ ከሌሊቱ 8 የምንለው ነው። ኤጀንቱ ሰዓት አልተሳሳተም፤ የማን ሰዓት እንደሆነ ያልነገርኩት እኔ ነኝ።

ጠዋት ስልኬን ስከፍት ከአክስቴ 11 ያልተነሣ ጥሪ አለ። ደወልኩ። አልጮኸችብኝም። ብትጮኽ ይሻለኝ ነበር። የደብረ ሲናዋን ቀይ ሴትዮ ነገረችኝ። ልጇ አረብ አገር ናት። ሌሊት ስልኩ ሲጮኽ መነጽሯን ማግኘት አቃታት። ፊደሉን ስታይ የልጇን ስም ነው የምትፈልገው። «ክትባት» የሚለውን ቃል ሦስት ጊዜ አንብባ አልገባትም። ከዚያ እስኪነጋ ድረስ ተቀምጣ አለቀሰች። ምንም ስላልሆነ ነው ያለቀሰችው።

«ምነው ሸዋ!» አለችኝ አክስቴ። «በዚህ ሰዓት ሰው ይቀሰቀሳል?»

ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ 5 ሰዓት ስልክ ላይ ዋለች። ለሁሉም አልደረሰችም። ለሽማግሌዎቹና ልጅ ውጭ ላላቸው ግን ደረሰች። «ይቅርታ፤ የወንድሜ ልጅ ነው፤ ኮምፒውተር ነው» ትላለች። የወንድሟ ልጅና ኮምፒውተሩ አንድ ጥፋተኛ ሆንን። በዚያው ቀን ሁለት ነገር ቀየርኩ። ሰዓት ሁሉ በእኛ አቆጣጠር ተነግሮ በቱሉ ውስጥ እንዲቀየር አደረግሁ፤ ለሞዴሉ ግምት አልተውኩትም። ሁለተኛ፣ ከማታው 2 እስከ ጠዋቱ 1 ሰዓት ምንም ኢቨንት ቢመጣ መልእክት አይወጣም፤ ያድራል።

ሦስተኛው ያስቃል፣ አሁን። ያኔ አላሳቀም።

የጫጫው መምህር ታስታውሱታላችሁ፣ 15 ሳሶ። ከሌላ ነጋዴ 30 መግዛቱን አንዲት ጎረቤት ለአክስቴ ነገረቻት። አክስቴ ተናደደች። ስልኳን አንሥታ ለኤጀንቱ ጻፈች፤ ለማን ትንገር? «የጫጫው መምህር 30 ጫጩት ወሰደ አሉኝ። ጉድ እኮ ነው።» ኤጀንቱ ሐሜት አያውቅም። የቱሉ ማብራሪያ «ደንበኛ ጫጩት ሲወስድ ይህን ኢቨንት ላክ» ይላል። ደንበኛው አለ፤ ጫጩቱ አለ፤ መውሰዱ አለ። ሳጥኑን ሞልቶ ላከው። መምህሩ በደቂቃ ውስጥ «30 ጫጩት ስለወሰዱ እናመሰግናለን» የሚል መልእክት ከአክስቴ ደረሰው። እሱ ደግሞ ሽሙጥ መሰለው። ሁለት ሳምንት ተኮራረፉ።

«አሉኝ» የምትለዋ ቃል ናት የጠፋችው። አማርኛ እንዲህ ላለው ነገር ሀብታም ነው። አሉ፣ ተብሏል፣ ሳይሆን አይቀርም፣ ነው መሰለኝ። ያየነውን ከሰማነው የምንለይባቸው ናቸው። ኢቨንት ግን ሆነ ወይም አልሆነም ነው። መሐል ላይ ያለው ሁሉ ሳጥን ውስጥ ሲገባ «ሆነ» ይሆናል።

አክስቴ ያን ጊዜ ነው ጡሩምባ ነፊውን መልሳ ያነሣችብኝ። ልጅ ሳለሁ ሰፈራችን ውስጥ የሆነ ነገር አለ፤ እኔም በጭላንጭል አስታውሰዋለሁ። ወሎ አካባቢ የሚሠራ ጎረቤታችን ሞተ ተባለ። ማን እንዳመጣው የማይታወቅ ወሬ። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ደረት መምታት ጀምረዋል። ጡሩምባ ነፊው ግን ጡሩምባውን ብብቱ ሥር ይዞ ቆመ። «ንፋ እንጂ!» አሉት። «ከቤተሰቡ ሰው መጥቶ ካልነገረኝ አልነፋም» አለ። ሰደቡት። የማይሰማ፣ ድንጋይ ልብ አሉት። በማግስቱ ሟቹ ከአውቶቡስ ወረደ። የቆሎ ከረጢት ይዟል፣ እግሩ ትንሽ ያነክሳል። የሞተው በስም የሚመሳሰለው ሌላ ሰው ነበር።

«ያ ሰውዬ ጡሩምባ መንፋት ብቻ አይደለም የሚያውቀው» አለችኝ። «መቼ እንደማይነፋም ያውቃል።»

እውነቷን ነው። ቱሉን ሠርቼ ስጨርስ ያሰብኩት ስለ መንፋቱ ብቻ ነበር። ስለዚህ ቀየርኩት። አሁን ኤጀንቱ መሸጥን የሚመለከት ኢቨንት ከመላኩ በፊት ለአክስቴ አንድ መስመር ይመልሳል፤ «ለጫጫው መምህር፣ 30፣ ከእኛ የተሸጠ፤ ልላክ?» እሷ «አዎ» ካላለች አይሄድም። ሶፍትዌር የሚሠሩ ጓደኞቼ ይህን ሲሰሙ «ታዲያ ምኑን አውቶማቲክ ሆነ?» ይላሉ። ይበሉ። ለእነሱ የጫጫው መምህር አልደወለላቸውም።

እስከዚህ ድረስ ያለው ሁሉ የሚጠገን ነው። ሰዓት ይስተካከላል፤ ፊደል ይስተካከላል፤ «አዎ» ይጨመራል። አራተኛው ግን ጥገና አልነበረውም።

ከአንጎለላ በኩል የሚመጡ አንድ ሽማግሌ ደንበኛ ነበሯት። ጋሼ ነው የምትላቸው። 12 ቦቫንስ ወስደዋል። ሁሉም ነገር በሥርዓቱ ሄዷል። ኢቨንቱ በትክክል ተልኳል። የብርዱ ምክር ሄዷል፣ የሳምንቱ ሄዷል፣ የክትባቱ ሄዷል፣ ሁሉም ከጠዋቱ 3 ሰዓት። ከዚያ ዶሮዎቹ 5 ወር ሊሞላቸው ሲል የመጨረሻው ሄደ። «ጋሼ፣ ዶሮዎቹ እንቁላል ሊጀምሩ ነው። እንዴት ናቸው?»

ከሰዓት በኋላ ልጃቸው ደወለች። «አባባ እኮ ካረፈ ሁለት ወር ሆነው።»

እኔ ቤቷ ነበርኩ። አክስቴ ስልኩን ዘግታ መኖ ጆንያው ላይ ተቀመጠች። ያሰቃያት መልእክቱ አልነበረም። ለቅሶ አለመድረሷ ነው። ሁለት ወር ሙሉ አንድ የምታውቀው ሰው ሞቶ፣ ቤቱ ሳትሄድ፣ «እግዜር ያጽናችሁ» ሳትል። ይህ በእኛ አገር ዕዳ ነው። «ብደውል ኖሮ እሰማ ነበር» አለች። ደጋግማ እሱኑ አለች።

እኔም ያን ቀን ነው ምን እንዳፈረስኩ የገባኝ። ያ ሁሉ የምትደውለው ለመናገር መስሎኝ ነበር። መናገሩን ለማሽን ሰጠሁላት። ግን ስትደውል የምትሰማው ነበር የሚበልጠው። «እንዴት አደሩ?» ስትል አንዱ ዶሮ ማነከሱን፣ የልጅ መዳሩን፣ የዝናብ መዘግየቱን፣ የሽማግሌ መታመሙን ትሰማለች። ወርክፍሎው የሚኖረው በኢቨንት ነው፤ ኢቨንቶቹ ደግሞ ይመጡ የነበሩት እኔ ከተካሁት ስልክ ነው። ምንጩን ደፍኜ ቧንቧ ዘረጋሁ። ሞት የሚባል ኢቨንት በእኔ ዝርዝር ውስጥ አልነበረም። ቢኖርስ ማን ይልከዋል? ልጅቷ? ለዶሮ መልእክት ሲስተም?

ስለዚህ አዙሬ ሠራሁት። የመጀመሪያው ሌሊት ምክርና የክትባቱ ማስታወሻ እንደበፊቱ በቀጥታ ለደንበኛው ይሄዳሉ፤ እነዚያ መልስ አይጠብቁም። «እንዴት ናቸው?» የሚለውን ግን ከማሽኑ አወጣሁት። ኢቨንቱ ሲደርስ መልእክቱ የሚሄደው ለደንበኛው ሳይሆን ለአክስቴ ነው። ጠዋት ከቡና በፊት አምስት ስም ይደርሳታል። ማን፣ ከየት፣ ስንት ወሰደ፣ ባለፈው ምን አለ። አምስት ስልክ ትደውላለች። 200 አይደለም፣ አምስት ነው። የሰማችውን ትጽፋለች፤ ኤጀንቱ ከእሱ ውስጥ ኢቨንት የሚሆነውን ይለይና «ልላክ?» ይላታል። ልጇ እንደነገረችኝ አብዛኛውን ጊዜ መልሷ «ተው» ነው።

የዚያኑ ሳምንት እሑድ አንጎለላ ሄድን። ዳቦ ደፍታለች። መንገድ ላይ ብዙ አላወራችም። ገብተን ተቀመጥን፤ አለቀሰች፤ ልጅቷም እንደ አዲስ አለቀሰች። ስለ መልእክቱ ማንም አላነሣም። ጠላ ተቀዳ። ከዚያ ልጅቷ «ይምጡ ላሳይዎት» ብላ አክስቴን ወደ ጓሮ ወሰደቻት። እኔም ተከተልኳቸው። 12ቱም አሉ። አክስቴ ጎንበስ ብላ አንዷን አነሣች፣ ሆዷን ዳበሰች፣ ዓይኗን አየች፣ ሌላዋን አነሣች። ስለ መኖው ጠየቀች። ስለ አባትየው ጠየቀች። ሁለቱን ጥያቄ እያፈራረቀች ነበር የምትጠይቀው፤ ልጅቷም እንደዚያው እያፈራረቀች መለሰች።

ስንመለስ መኪናው ውስጥ ስልኬን አውጣ አለችኝ።

«ቁጥሩን ወደ ልጅቱ አዙረው። ሦስቱ ጥለዋል በል፤ ይሄን ላከው። አንዷ ክንፏን ጥላለች።»

መጻፍ ጀመርኩ።

«እሱን ተወው» አለችኝ። «ነገ ራሴ እደውላለሁ።»